ካልሲ የጎረሰው ኢንቨርተር

የኤሌክትሪክ ባለሙያዋ ስልኳን ስታነሳ መጀመሪያ የሰማችው ሰላምታ ሳይሆን ክርክር ነበር። ታላቅ እህቷ «ልንገራት» ትላለች፤ የእህቷ ባል ደግሞ ከኋላ «ምኑን ነው የምትነግሪያት? ምንም አልሆነም እኮ!» ይላል። በመጨረሻ እህቷ አሸነፈች።

«ማሽኑ ደህና ነው» አለቻት። «ብቻ ትንሽ ሸተተኝ።»

«ምን ምን ይላል?»

«የተቃጠለ ላባ።»

ባለሙያዋ የመሣሪያ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

ባልና ሚስቱ ጓሯቸው ባለው ክፍል ጫጩት እያስፈለፈሉ ይሸጣሉ። ሁለት ማስፈልፈያ ሳጥን አላቸው። በአንዱ ገና በቅርቡ የገቡ እንቁላሎች ይሞቃሉ፤ በሌላው ዛሬ ነገ የሚፈለፈሉት ይጠበቃሉ። መብራት ሲሄድ የባትሪውን ኃይል ለዋውጦ ለሳጥኖቹ የሚያደርሰው አንድ ኢንቨርተር ነው። ከእሱ ሦስት መስመር ይወጣል፤ ሁለቱ ለሁለቱ ሳጥኖች፣ ሦስተኛው ለመኖሪያ ቤቱ። ሳምንቱን ሙሉ መብራት ሲሄድ ሲመጣ ሰንብቶ፣ ያን ዕለት ግን ሰፈሩ ውስጥ ምሰሶ ወድቆ መብራት ከጠዋት ጀምሮ አልነበረም።

ባልየው የሚደግፈውን ቡድን ማሊያ ለብሶ በር ከፈተላት። ሳሎን ውስጥ ሁለት ወንድሞቹ ሶፋው ላይ ተደላድለዋል። የዋንጫ ጨዋታ ሊጀመር ነው።

«እንኳን መጣሽ፣ አብረሽን ታያለሽ» አላት።

«መጀመሪያ ማሽኑን ልየው፣ ጋሼ።»

ጓሮው ክፍል ውስጥ ሁሉም ነገር ጸጥ ብሏል። ጸጥታው አላማራትም። ወደ ኢንቨርተሩ ጠጋ ስትል ቀዩ የማስጠንቀቂያ መብራት ላይ ጥቁር ናስትሮ ተለጥፏል። ማንቂያው የሚጮህበት ቀዳዳ በጥጥ ተደፍኗል። ከጥጡ በላይ ናስትሮ አለ፤ ከናስትሮው በላይ ደግሞ የወንድ ካልሲ በገመድ ታስሯል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

እህቷ መሬት መሬቱን አየች። ባልየው ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ «ካልሲ» አለ።

«ለምን ታሰረ?»

«ይጮህ ነበራ።»

«እንዲጮህ እኮ ነው የተሠራው።»

«አበዛው። ሳምንቱን ሙሉ! የስፖርት ዜና እንኳ መስማት አቃተን።»

ባለሙያዋ የመለኪያ መሣሪያዋን ከቦርሳዋ አወጣች። የሦስቱን መስመሮች ኃይል በየተራ ለካች። የደረሱት እንቁላሎች መስመር ደህና ነው፤ የቤቱም ደህና ነው። የአዲሶቹ እንቁላሎች መስመር ግን ከሌሎቹ የግማሹን ያህል ብቻ ነው የሚሰጠው።

«የሳጥኑ መብራት በርቷል እኮ» አለች እህቷ።

«በርቷል፤ ሙቀቱ ግን ግማሽ ነው። በዚህ መስመር ላይ ተራ በተራ የሚሠሩ ሁለት ትራንዚስተሮች አሉ። አንደኛው ሞቷል፣ ሁለተኛው ብቻውን ይፍጨረጨራል። እጅሽን ክተቺና እንቁላሎቹን ንኪያቸው።»

እህቷ ነካቻቸው። ፊቷ ቅጭም አለ።

ባለሙያዋ ኢንቨርተሩን አጠፋችና ሰዓቷን እያየች ቆመች።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ጠፍቷል እኮ» አለ ባልየው።

«ውስጡ የተጠራቀመው ኃይል መጥፋቱን ገና አልሰማም፤ ይነዝራል።»

ክዳኑን ስትከፍተው የጫጩት ላባ እንደ ትራስ ተጠቅጥቆ አገኘችው። የማቀዝቀዣው ማራገቢያ በላባ ተጠፍንጎ፣ ለመዞር ሲታገል ሞተሩ ተቃጥሏል። ማሽኑ ማራገቢያ ካጣ ጀምሮ እየጋለ፣ በጋለ ቁጥርም እየጮኸ ሲናገር ቆይቷል። ላባውን በብሩሽ ጠርጋ አወጣች። የሞተውንም ትራንዚስተር ፈታች፤ ማራገቢያውንም ነቀለች።

«አንተ ትንሹ» አለች ወደ ሳሎን ጮክ ብላ፤ «ሁለቱንም ይዘህ መለዋወጫ ሱቅ ሂድ። ልክ ይሄንን የመሰለ በላቸው።»

ታናሽ ወንድምየው የጠፋውን ቴሌቪዥን አንዴ፣ ታላላቆቹን አንዴ አየ። የተቃወመለት ስላልነበረ ሄደ።

«እስኪመጣ እንቁላሎቹስ?» አለች እህቷ።

«የተበላሸውን መስመር ለይቼ እዘጋዋለሁ። ሁለቱ ጤነኞች ይሠራሉ። አዲሶቹን እንቁላሎች ወደ ቤቱ መስመር አዛውራቸዋለሁ፤ ቤቱ ይጠፋል።»

«ቤቱ ማለት...» አለ ባልየው።

«ፍሪጁ፣ አምፖሉ፣ ሶኬቱ።»

ባልየው ወደ ሳሎኑ አንገቱን አሰገገ። ከሳሎን መጥቶ በሩ ላይ የቆመው ታላቅ ወንድሙ እንኳ አፍሮ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። እህቷ ሳሎን ገብታ የቴሌቪዥኑን ሶኬት ነቅላ ተመለሰች።

ባለሙያዋ መስመሮቹን አዛውራ ኢንቨርተሩን መልሳ አበራችው። አንድ ችግር ግን ቀርቶ ነበር። ማራገቢያ የለም፤ ማሽኑ ደግሞ ሁለቱን ሳጥን ተሸክሞ እንደገና መጋል ጀምሯል። ባለሙያዋ የእንቁላል ካርቶን ቀድዳ ለባልየው ሰጠችው፤ ሌላውን ለታላቅ ወንድሙ።

«አራግቡለት።»

እናም የቤቱ ጌታና ታላቅ ወንድሙ፣ ሁለቱም ማሊያ ለብሰው፣ ኢንቨርተር ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠው እንደ ታማሚ ያራግቡለት ጀመር። ጨዋታውን በስልክ ሬዲዮ ይሰሙታል። ባለሙያዋ ካልሲውን ፈትታ፣ ጥጡን አውጥታ፣ ናስትሮውን ልጣ ጥላለች።

ከረፍት በኋላ ቡድናቸው ጎል አገባ። ወንድማማቾቹ ካርቶናቸውን ጥለው ተቃቀፉ። እንደተቃቀፉ ማሽኑ እሪ አለ። ጩኸቱ ስቴዲየሙን ሁሉ ዋጠው። ቶሎ ብለው ካርቶናቸውን አንስተው ቁጭ አሉ፤ ጎሉን ማን እንዳገባው ግን አልሰሙም።

«ሁልጊዜ የሚጮኸው ልተኛ ስል ነበር» አለ ባልየው፣ ትንሽ ካራገበ በኋላ። ድምፁ ቀንሷል። «ክፋት አስቤ አልነበረም። እውነቴን ነው።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ። ወደ ታች አድርገህ አራግብ፤ ሙቀቱን ወደሚያወጡት የብረት ጥርሶች።»

ታናሽ ወንድምየው ዕቃውን ይዞ ሲደርስ ጨዋታው አልቆ ነበር። ቡድናቸው በፍጹም ቅጣት ምት ተሸንፏል። ማን እንደሳተ ጠየቀ፤ እጁ የዛለ ታላቅ ወንድሙ «አንተ አለመሆንህን ብቻ ነው የማውቀው» አለው። ባለሙያዋ ትራንዚስተሩን ቀይራ፣ ማራገቢያውን ገጥማ፣ ሦስቱንም መስመር እንደገና ለካች። እኩል ሆኑ። ያኔ ነው ከጠዋት ጀምሮ ምግብ እንዳልቀመሰች ያስታወሰችው።

በማግስቱ የደረሱት እንቁላሎች መሰንጠቅ ጀመሩ። አብዛኞቹ ተፈለፈሉ። ከአዲሶቹ መካከል ግን የቀዘቀዙና የሞቱ ነበሩ፤ እህቷ በባትሪ ብርሃን እያየች አንድ በአንድ ስትለያቸው ባልየው ቅርጫቱን ይዞላት ቆመ። አላለቀሰችም፤ እሱም ሰበብ አልደረደረም። ቅርጫቱ ከሚገባው በላይ ስለከበደው በሁለት እጁ ያዘው።

እዚያው ያደረችው ባለሙያ ቦርሳዋን አንስታ ልትሄድ ስትል እህቷ ከኋላዋ ጠራቻት።

«ከዛሬ ጀምሮ ማሽኑን የማየው እኔ ነኝ። ክዳኑን እንዴት ነው የምትከፍቺው?»

ባለሙያዋ ቦርሳዋን መልሳ አስቀመጠችና ካቻቪቴውን ለእህቷ አቀበለቻት።

«መጀመሪያ አጥፊው» አለቻት። «ከዚያ ቆመሽ ጠብቂ።»