ባሕር የተጠለፈበት አቡጀዲ

ኡሙሃኒ የዓሣውን ጭራ ጨርሳ ሆዱ ላይ ስትደርስ ክሩ ተበጠሰባት። በመርፌዋ ጫፍ ፈልጋ ከጨርቁ መዘዘችውና መተርተሯን ቀጠለች። አቡጀዲው ጭኗ ላይ ተዘርግቷል፤ ሰማያዊ፣ ነጣ ያለ አረንጓዴና ቀይ ብጥስጣሽ ክር ዙሪያዋን አፈሩ ላይ ወድቋል።

«ፀሐይዋ እየዞረች ነው ልጄ» አለቻት መይሙና ከዳሱ በር ላይ ሆና። «ሼህ ታሂር ከተሲያቱ የአስር ሶላት በኋላ እናትሽ ላይ እንሰግድባታለን ብለዋል። መቃብር የሚቆፍሩትም ሰዎች ጉልበት የላቸውም፤ ካመሸን አይጠብቁንም።»

«እደርሳለሁ።»

«ምን ቀረሽ?»

«ሁለት ጀልባና ዳርቻው።»

ጥግ ላይ ያለችውን የማሽላ ዛላ አልቆጠረቻትም።

መይሙና፣ ዛሬ ጠዋት ላረፈችው ለኡሙሃኒ እናት ለሀሊሜ የረጅም ዘመን ጎረቤቷ ናት። ቆቦ ዳር፣ መንገዱን ይዞ በተሠራው መጠለያ ውስጥ ሴት ስትሞት የምታጥበው እሷ ናት። መስከረም ላይ ያጠበቻቸውን ሁሉ በስም ታውቃቸው ነበር፤ አሁን ታኅሣሥ ላይ ስማቸውን መጠየቅ ትታለች። አብዛኞቹ የሚቀበሩት የሞቱበትን ሰሌን ለብሰው ነው። የሀሊሜ ልጅ ግን ከጅቡቲ ለመገነዣ የሚበቃ ስምንት ክንድ አቡጀዲ ይዛ መጥታለች። ችግሩ አቡጀዲው ላይ ባሕር መኖሩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ኡሙሃኒ ከማሉዲንን አግብታ ወደ ጅቡቲ ስትሄድ እናቷ አንድ ነገር ብቻ ነበር የመከረቻት፤ «ሥራ ፈትተሽ እንዳትቀመጪ።» ይህን ማለት ለሀሊሜ ቀላል ነበር፤ ራያ ላይ ሥራ የፈታች ሴት በዓይኗ አይታ አታውቅም። ጅቡቲ ላይ ግን ከማሉዲን ጎህ ሲቀድ ወደብ ይወርዳል፣ ሲመሽ ይመለሳል። ውሃ በበርሜል ተጭኖ ደጅ ድረስ ይመጣል። የሚለቀም እንጨት የለም፣ ከወፍ የሚጠበቅ ማሳ የለም። ቤቷ ከባሕሩ ዳር ስለነበር አሸዋው እስከ ደጃፏ ይገባል፤ እሱን ትጠርጋለች፣ ነፋሱ ይመልሰዋል። ቀኑ አልገፋላት አለ።

ጥልፍ ያስተማረቻት ጎረቤቷ የነበረች አንዲት የየመን ሴት ናት። ኡሙሃኒ ከገበያ አቡጀዲ ገዛች፤ ከአሮጌ ሽርጥ ጫፍ ላይ ቢጫ ክር መዘዘችና በጨርቁ ጥግ አንድ የማሽላ ዛላ ጠለፈች። አገሯ ናፍቋት ነበር። ዛላዋ አምራ ስትወጣላት ደስ አላት። ከዚያ ወዲያ ማን ይያዛት። የጠዋቱን ባሕር፣ የማታውን ባሕር፣ መረብ የሚጎትቱ ጀልባዎችን፣ ወፉን፣ ዓሣውን፣ ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ ያየችውን ሁሉ ጨርቁ ላይ አሰፈረችው።

ከማሉዲን ይስቅባት ነበር። «ልብስ አይደል፣ አንሶላ አይደል። ምን ልታደርጊው ነው?»

«ምንም።»

«ምንም የሚባለውን ነገር ለመሥራት ይሄን ሁሉ ክር?» ይላታል፤ ይበል እንጂ ከሥራ ሲመለስ ኪሱ ውስጥ አዲስ ክር አይጠፋም።

እውነትም ለምንም አልነበረም። ከሕፃንነቷ ጀምሮ እጇ የሠራው ነገር ሁሉ ወይ ለሆድ ነው ወይ ለገበያ። ይሄ ግን ለማንም አልነበረም፤ ለዚያ ነው የወደደችው። እየጠለፈች ታንጎራጉራለች። አገር ቤት ያሉትን እናቷንና ወንድሟን አህመድን ታስባለች፤ ስታስባቸው ደግሞ ትታ እንደሄደችው ነው፤ በሬዎቹ ሲያመሰኩ፣ ጎተራው ሞልቶ፣ እናቷ አህመድን ስትቆጣ። ከቤታቸው ፊደል የቆጠረ ስለሌለ ደብዳቤ አይመጣም። አንዴ ብቻ በነጋዴ እጅ «ደህና ነን» የሚል ቃል ደርሷት ነበር። ባለፈው ኅዳር አንድ ሾፌር ወደቡ ላይ ለከማሉዲን «የራያ ሰው አለቀ እኮ፤ አልሰማችሁም እንዴ?» አለው። ኡሙሃኒ በማግሥቱ ባቡር ተሳፈረች። ግማሽ ጆንያ ሩዝ፣ ጥቂት ቴምርና፣ እናቴ ታይልኛለች ብላ፣ ያንን አቡጀዲ ይዛ ነበር።

በስድስተኛው ቀን ቆቦ ደረሰች። የቤታቸው ጣራ ሣር የለውም። እናቷን ያገኘቻት መጠለያው ውስጥ፣ ከመይሙና ጎን ተኝታ ነው። ስለ አህመድ ስትጠይቅ መይሙና ቀደም ብላ «ሥራ ፍለጋ ወደ አዋሽ ወርዷል» አለቻት። ሀሊሜ ሩዙን መዋጥ አልቻለችም። ቴምር በውሃ አርሳ አፏ ውስጥ ስታደርግላት ግን መጠጠችው። ሲበርዳት ኡሙሃኒ አቡጀዲውን አውጥታ አለበሰቻት፤ ከሀሊሜ እጅ ቆዳና አጥንት ብቻ ቀርቶ ነበር፤ በዚያ እጅ ጨርቁን ዳበሰችው።

«ይሄ ሁሉ ሰማያዊ ምንድን ነው?»

«ባሕር ነው እማየ።»

«ሁሉም ውሃ?»

«ሁሉም ውሃ። ማዶው አይታይም።»

ሀሊሜ ጥቂት አሰበችና «ይጠጣል?» አለች።

«አይጠጣም። ጨው ነው።»

«ታዲያ ምን ያደርጋል» አለች፤ ሳቅ የሚመስል ነገር ከደረቷ ወጣ። ከዚያ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ እየነካች መቼ እንደተሠሩ ትጠይቅ ጀመር። ኡሙሃኒ እናቷ ስላወራች ደስ ብሏት ቶሎ ቶሎ ትመልስላት ነበር።

«ይሄ ዓሣስ?»

«አምና ጥቅምት። ከማሉዲን አንድ ትልቅ ዓሣ አምጥቶ ሁለት ቀን በላነው።»

«ጥቅምት በሬዎቹ የወደቁ ጊዜ ነው» አለች ሀሊሜ። ወቀሳ የለበትም፤ የገበያ ቀን እንደሚያስታውስ ሰው ነው የተናገረችው። «ወፎቹስ?»

«የካቲት።»

«የካቲት የጣራውን ሣር ለጊደሯ አበላናት። እሷም አልቆየችልን። ይቺ ትልቋ ጀልባስ?»

ኡሙሃኒ ከዚህ በላይ መመለስ አልፈለገችም ነበር። «ግንቦት መሰለኝ» አለች ቀስ ብላ።

የሀሊሜ ጣት ጀልባዋ ላይ ቆመ።

«ግንቦት አህመድ የሞተ ጊዜ ነው።»

ኡሙሃኒ ወደ መይሙና ዞረች። መይሙና ፊቷን ወደ በሩ አዙራለች።

«ደብቃሽ ነው» አለች ሀሊሜ። «አትፍረጂባት። የእኔን ከፈን እሱ ለበሰው። አባትሽ በሕይወቱ ሳለ የገዛልኝ፣ ሣጥን ውስጥ ያስቀመጥኩት ነበረ አይደል? ለልጄ ልከለክለው ነው? እንደ ሰው ነጭ ለብሶ ሄደ፣ አልሀምዱሊላህ።»

ኡሙሃኒ አለቀሰች። ሀሊሜ እስክትጨርስ ጠበቀቻትና ጨርቁን በሁለት ጣቷ አሸት አሸት አደረገችው።

«አቡጀዲ ነው አይደል?»

«አዎ እማየ።»

«እንግዲያ አላህ ነው የላከልኝ። ግን ዓሣና ወፍ ለብሼ ጌታዬ ፊት አልቆምም። ስሞት ሁሉንም ትፈቺልኛለሽ።»

«አሁን ልፍታው?»

«የምን አሁን። እስክሄድ ልየው እንጂ። ሌላ ባሕር የት አገኛለሁ።»

ኡሙሃኒ ማሽላዋ ትቀር እንደሆነ ልትጠይቃት አፏን ከፍታ ነበር። መልሱን ፈርታ ተወችው። ሀሊሜ ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ባሕሩን ለብሳ፣ ዓይኗን ስትከፍት እሱን እያየች ቆየች። ዛሬ ጠዋት ጀንበር ስትወጣ አረፈች።

አሁን ታጥባ፣ አሮጌ ነጠላ ለብሳ ዳሱ ውስጥ ተጋድማለች። ኡሙሃኒ ደጅ ላይ ትተረትራለች። መርፌው አንድ ብቻ ስለሆነ ከጎኗ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች ልል የሆነውን ክር በጥፍራቸው ይመዛሉ። ማን እንደሆኑ አታውቅም፤ መይሙና ናት ጠርታ ያመጣቻቸው። አንደኛዋ ዓሣውን ገልብጣ ገልብጣ አይታ «ይበላል ይሄ?» ብላ ጠይቃት ነበር። ይበላል አለቻት። ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀችና መምዘዟን ቀጠለች።

ጥልፍ ሲፈታ በተጠለፈበት መንገድ ተመልሶ ይሄዳል። ኡሙሃኒ መስከረምን ፈታች፣ ሰኔን ፈታች፤ ግንቦትን ዘልላ የየካቲቱን ወፍና የጥቅምቱን ዓሣ ፈታች። አሁን ወደ ግንቦት ተመለሰች። የትልቋን ጀልባ ሸራ የጠለፈችበትን ቀን በደንብ ታስታውሰዋለች። ነፋሻማ ቀን ነበር፤ ቀይ ክር አልቆባት ከማሉዲንን ተቆጥታዋለች። ወንድሟ በዚያ ቀን ይሁን በማግሥቱ እንደሞተ አታውቅም፤ የሚነግራትም የለም። ወንድሟ ሲሞት በቀይ ክር ስትጣላ እንደነበር ግን ታውቃለች። ክሩን ከልክ በላይ ሳበችውና ጨርቁ ተኮማተረ።

«ቀስ» አለቻት መይሙና። «ይቀደዳል።»

«ቀዳዳው ይታያል እኮ እማ መይሙና። ክሩ ሲወጣ የመርፌው ቀዳዳ ቀረ።»

መይሙና የተፈታውን ወገን አንስታ ወደ ፀሐይ ዘረጋችው። ብርሃኑ በቀዳዳዎቹ አለፈ፤ ዓሣውም፣ ወፉም፣ ሞገዱም ነጥብ በነጥብ እዚያው ነበሩ።

«አፈር ሲነካው ይደፈናል» አለች መይሙና፣ ጨርቁን መልሳ እየዘረጋችላት። «አብሽሪ። ቀዳዳ ኃጢአት አይደለም።»

የመጨረሻዋ ጀልባ ወጣች። ዳርቻው ወጣ። አቡጀዲው ነጭ ሆነ፤ የቀረችው በጥጉ ያለችው ማሽላ ናት። ከሴቶቹ አንዷ እጇን ዘርግታ በጣቷ ጫፍ ነካቻት።

«የእኛዋ ማሽላ፣ ደጋሊት ናት» አለች።

«ደጋሊት ናት» አለች ሌላዋም።

ከሴቶቹ መካከል ሁለት ዓመት ሙሉ የማሽላ ዛላ ያየች አልነበረችም። በዚህ ወር፣ በደህናው ዘመን፣ ከጎብዬ እስከ ዋጃ ሜዳው በአጫጅ ይሞላ ነበር። አሁን ከዳሱ ወዲያ የሚታየው አቧራና መንገዱ ብቻ ነው።

መይሙና ጎንበስ ብላ አየቻትና ቀን ሙሉ ስትጣደፍበት የዋለችውን ድምፅ ዝቅ አደረገች።

«ያችን ተያት።»

ኡሙሃኒ ቀና አለች።

«ነፍስ ያላት ነገር አይደለችም፤ እህል ናት። የምከፍናት እኔ ነኝ። ወደ ውስጥ አጥፌ ደረቷ ላይ አደርግላታለሁ፤ ማንም አያይም። ካንቺ እጅ አንድ ነገር ይዛ ትሂድ።»

ኡሙሃኒ ይህን ከጠዋት ጀምሮ ስትመኘው ነበር። ማንም እንዲላት አልጠበቀችም እንጂ፣ ቢላት እሺ እንደምትል ታውቅ ነበር። አሁን ግን ዛላዋን እያየች ስለ ማን ብላ እንደጠለፈቻት ትዝ አላት። የራሷን ናፍቆት ለማስታገስ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ እጇ የራሷን ደስታ ሠርቷል፤ ክፉ ነገር ነው አትልም፣ እናቷም ክፉ ነው አላለቻትም። እናቷ የጠየቀቻት ግን ነጭ ጨርቅ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ከእሷ የጠየቀችው ነገር ቢኖር ይኸው አንዱ ነው።

ከወዲያ በኩል የሼህ ታሂር ድምፅ ተሰማ፤ አዛን እያሉ ነው።

«ሁሉንም ነው ያለችኝ» አለች ኡሙሃኒ፤ መርፌዋንም ከመጀመሪያዋ ፍሬ ሥር አስገባች።

መይሙና አጠገቧ ቁጭ አለችና የጨርቁን ጥግ በሁለት እጇ ወጥራ ያዘችላት።