ዝም ያሰኘችው መሣሪያ

«የአባዬ ደም ግፊት እኮ ተስተካክሎ ነበር! በገዛ ዓይኔ አይቼዋለሁ!» አለ ታላቅ ወንድሟ፣ ለመጣው ለቀስተኛ ሁሉ ሲነግር የሰነበተውን ዛሬም እየደገመ። «ያቺ ነርስ መድኃኒቱን ባትቀንስበት አባዬ ይሄኔ በሕይወት አለ። ቆይ ብቻ፣ ሥራዋን ነው የማስለቅቃት!»

እህቱ ጥጉ ላይ ኩርምት ብላለች። ለቀስተኛው ሐዘን ያደቀቃት መስሎት «አይዞሽ፣ በርቺ» ይላታል። እሷን ግን ከሐዘኑ ብሶ የያዛት ፍርሃት ነው፤ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ትስባለች።

አባቷ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኝቶ ሳለ፣ ሐኪሙ ግፊቱን የሚለካ ቱቦ በአንገቱ በኩል እስከ ልቡ እናስገባ ሲል፣ «ኧረ በእናትዎ ዶክተር፣ አባዬን አይውጉብኝ!» ብላ የለመነችው እሷ ናት። ሐኪሙም ለጊዜው ይበቃል ብሎ፣ ሳይወጋ ግፊቱን ከጣት ላይ የሚያነብ ማሰሪያ አደረገለት። የአባቷ እጅ ሲቀዘቅዝ ግን መሣሪያው ማንበብ አቅቶት ይጮኻል። አሁንም ይጮኻል። ጩኸቱ ነፍሷን ሊያወጣት ሲደርስ፣ ማሰሪያውን አውልቃ በራሷ ጣት አጠለቀችውና እጇን ብርድ ልብሱ ስር ከተተች። ዝም አለ። እፎይ!

ወዲያው ነርሷ ገባች። ቁጥሩን አይታ «ጎሽ አባባ!» አለችና ግፊቱን ከፍ የሚያደርገውን መድኃኒት ቀነሰች። ተከትሎ የገባው ወንድሟም በደስታ ግንባሯን ሳማት። ልትናገር ብላ ተወችው። በዚያው ሌሊት አባቷ ዐረፈ።

አሁንም የለቅሶ ቤቱ በር ተንኳኳ። ነርሷ ናት፣ ለቅሶ ልትደርስ።

«በምን ዓይንሽ መጣሽ?» ብሎ ወንድሟ ተነሳባት።

«ወንድሜ፣ እኔም እንቅልፍ አጥቻለሁ» አለች ነርሷ እንባዋ እየመጣ። «ከሥራ አግደውኛል። ግን ግፊቱ ደህና ነበር፤ ምን እንዳጠፋሁ እስካሁን አልገባኝም።»

እህቱ ግድግዳውን ይዛ ተነሳች።

«ሲስተር፣ የኔ ነበር።»

«ምኑ?»

«ግፊቱ። ማሰሪያውን በራሴ ጣት አጥልቄው ነበር፤ ጩኸቱ ዝም እንዲልልኝ ብዬ።»

ነርሷ አፏን በመዳፏ ያዘች። ወንድሟ ሊጮህባት ወደ እሷ ዞረ። ግን ወንበሩ ላይ ዘጭ አለና ቀስ ብሎ ጠየቃት።

«የአባዬ እጅ በጣም ይቀዘቅዝ ነበር?»

«በጣም፣ ጋሼ።»

ወንድሟ እሱንም እንደበረደው ሁሉ ሁለቱንም እጆቹን ብብቱ ውስጥ ሸጎጠ።