የጎረቤት ትንፋሽ

«እህቴ፣ ይሄን ቱባ የሚነፉት ሰውዬ መቼ ይመጣሉ?» አሉ ሽማግሌው፣ የራሳቸውን ሳጥን በሩ ላይ አስደግፈው ላባቸውን እየጠረጉ።

ልጅቷ ወለሉ ላይ ተንበርክካ የሳጥኗን ዘለበት እየፈታች ነበር። ቀና አለች። «እኔ ነኝ» ማለት ሁለት ቃል ነው፤ ለእሷ ግን ሁለቱም በዙባት።

«ትንሽ ቆይተው ይመጣሉ» አለች።

«እንግዲያው እዚሁ አስቀምጪላቸውና ሂጂ። ምን ዓይነት ሰው ናቸው? ይሄን የሚያህል ዕቃ ለሴት ልጅ ያሸክማሉ?»

«ችግር የለውም።»

ከዚህ በኋላ ማድረግ የምትችለው ነገር አንድ ብቻ ነበር። ቱባውን፣ ያንን ግዙፍ የነሐስ ጥሩንባ፣ ከሳጥኑ አወጣች፤ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ እንደ ትልቅ ልጅ ጭኗ ላይ አቀፈችው፤ ከንፈሯን የሚነፋበት አፉ፣ ማውዝፒሱ ላይ አሳረፈችና ከሁሉ የወፈረውን ድምፅ ነፋች። የመስኮቱ መስታወት ተርገበገበ። ሽማግሌው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«በሞትኩት! ቆይተው የሚመጡት ሰውዬ መጡ በይኛ!»

ከኋላ ትሮምቦን የሚነፋው፣ ሁሉም «ረጅሙ» የሚለው ሰው፣ ሳቁ አላስቀምጥ አለው። «ጋሼ፣ አይፍረዱባት። ጭምት ነው የምንላት። ከሰው ጋር በዓመት አንዴ ነው የምታወራው፣ ሌላውን በቱባ ነው የምታወጣው።»

እውነቱን ነው። ከሃያ ስምንቱ የከተማው ባንድ ሰዎች መካከል ድምፅዋ የማይሰማው እሷ ነበረች፤ ከዕቃዎቹ ሁሉ ደግሞ ግድግዳ የሚያንቀጠቅጠው የእሷ ነበር። ሽማግሌው ከሌላ ከተማ ባንድ ተዛውረው የመጡ ሁለተኛው ቱባ ናቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በግራዋ፣ ሦስት ወር ባዶ በከረመው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

በዚያ ባንድ ውስጥ አንድ የኖታ ማቆሚያ የሚጋሩ ሁለት ሰዎች «ጎረቤት» ይባባላሉ። የእሷ የቀድሞ ጎረቤት እናቱ ታመውበት ወደ ተወለደበት ከተማ የተዛወረ ልጅ ነበር። ሽማግሌው ደግሞ ልጃቸውና የልጅ ልጆቻቸው እዚህ ስላሉ መምጣት ይፈልጉ ነበርና ሁለቱ ቦታ ተቀያየሩ። በወረቀት ላይ ቀላል ነገር ነው፤ ቱባ ሄደ፣ ቱባ መጣ።

ልምምዱ ከመጀመሩ በፊት ውሃ ልትጠጣ ወጣ ብላ ስትመለስ ሽማግሌው መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ኖታው ላይ አጎንብሰዋል። በእጃቸው ላጲስ ይዘዋል።

«ምን እያደረጉ ነው፣ ጋሼ?» በዚያ ክፍል ውስጥ ከአንደበቷ እንዲህ ጮክ ያለ ነገር ወጥቶ አያውቅም።

«እያጸዳሁልሽ ነዋ! ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስለው። ኖታ ሲነበብ ንጹሕ ሲሆን ነው የሚያምረው።» አሉና የላጲሱን ብናኝ፣ አርባ ዓመት በሠለጠነ ሳንባቸው፣ በአንድ ትንፋሽ እፍ አደረጉት። ብናኙ እንደ በራሪ ትንኝ ተበተነና ጫማዋ ላይ አረፈ።

ለእሳቸው የዶሮ ጭረት የነበረው ለእሷ አራት ዓመት ነበር። ባንዱ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ዝግ ያለ የመሸኛ ማርሽ አለ፤ በውስጡ ባሶቹ፣ ወፍራሙን ድምፅ የሚነፉት፣ ሦስት መስመር ሙሉ አንድ ድምፅ ሳያቋርጡ ይይዛሉ። የሰው ሳንባ ይህን ያህል አይችልም። ስለዚህ ሁለቱ ቱባዎች ትንፋሻቸውን ይከፋፈላሉ፤ አንዱ አየር ሲስብ ሌላው ጠንከር አድርጎ ነፍቶ ይሸፍነዋል፣ አድማጭ ምንም አያውቅም። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ከሳቡ ግን ዜማው ይበሳል። የሄደው የቀድሞ ጎረቤቷ ትንፋሽ ሁለተኛው መስመር መጀመሪያ ላይ ነበር፤ ቦታውን በትንሽ ማጭድ ምልክት አድርጎበታል። የእሷ ደግሞ ሦስተኛው መስመር ላይ ሲሆን በነጥብ ምልክት አድርጋበታለች። እጅ ለእጅ ተነካክተው አያውቁም። ሻይ እንኳ ለብቻቸው ጠጥተው አያውቁም። ነገር ግን ትንፋሹ የት ላይ እንደሚያልቅ ከራሱ ቀድማ ታውቅ ነበር። ሊስብ ሲል ትከሻው ትንሽ ከፍ ትላለች፤ በዚያች ቅጽበት እሷ ትነፋለች፣ ትሸፍነዋለች። ይህን የሚያውቁት እነሱ ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

ሊሄድ ሲል እርሳሱን ቀርጾ ማቆሚያው ላይ አስቀመጠላትና፣ «ስልኬ አልተቀየረም» አላት። እሷ፣ «እሺ» አለች። ሦስት ወር ሙሉ ቁጥሩን እያወጣች ታየዋለች። ምን ብላ ትደውል? «እንዴት ነህ» ካለች በኋላ የሚመጣውን ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር ማግኘት አቃታት።

ላጲሱ ወረቀቱን አጸዳ እንጂ ሳንባዋን አላጸዳም። ሽማግሌው በበኩላቸው ለዓመታት እሷ ከምትስብበት በአንድ ምት ብቻ ዘግየት ብለው ሲስቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ማርሹ ተጀመረ፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ማንም ሳይተነፍስ የእሷ ድምፅ በድንገት አበጠ፣ ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ትንፋሻቸው ተደራረበና ጸጥ አለ።

መሪው በትሩን አወረደ። «ባሶች! መጀመሪያ ትጮኻላችሁ፣ ቀጥሎ ትጠፋላችሁ። ምንድን ነው?»

«እንከፋፈል፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው በሹክሹክታ። «እኔ ሦስተኛው መስመር ላይ ልሳብ፣ የለመድኩት ነው። አንቺ የአንቺን ወደ ሁለተኛው ማብቂያ አምጪው።» ራሷን ነቀነቀች። ተስማማች። ደግመው ሲነፉ ግን ሳንባዋ የባለቤቱን ቃል እንደማይሰማ በቅሎ በድሮው መንገድ ሄደ። ማክሰኞም እንዲሁ ሆነ። ረቡዕም ያው። ሐሙስ ዕለት መሪው ሰው ሁሉ ሲወጣ አስቀራትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቅዳሜ ጡረታ የሚወጡትን መምህራን በዚህ ማርሽ ነው የምንሸኘው። ቅዳሜም ቀዳዳ ካለ ያንን ወንበር ለትሮምቦን መስጠቴ ነው። አልወደውም፣ ግን አደርገዋለሁ» አላት።

ወንበሩ የሚባለው የእሷ ነው። ሽማግሌው ቀዳዳ እንደሌለባቸው መሪውም ያውቃል።

ማታ እናቷ የሰው ቀሚስ እየዘመዘሙ፣ አይናቸውን ከስፌት መኪናው ሳይነቅሉ፣ «ዛሬም ተበሳ?» አሏት።

«ዛሬም።»

«ለሰውየው ለምን አትነግሪያቸውም?»

«ምን ብዬ? ዝም አይነቅዝም ይባል የለ፣ እማ።»

«አይነቅዝም» አሉ እናቷ ክሩን በጥርሳቸው እየበጠሱ። «ግን አይበላም።»

በእርግጥ ልትጠይቃቸው የምትፈልገው ሌላ ነገር ነበር። ሽማግሌው የመጡት እሱ ከሄደበት ባንድ ነው። በየቀኑ ስለ እሱ ልትጠይቅ ትነሳና ስለ ቫልቭ ዘይት ጠይቃ ትቀመጣለች። እሳቸውም ስለ ቫልቭ ዘይት በሰፊው ያስረዷታል። በአራት ቀን ውስጥ ስለ ዘይት ያላወቀችው ነገር አልቀረም።

ዓርብ የዕቃ ማጠቢያ ቀን ነው። ከልምምዱ ክፍል ጀርባ ባለው ግቢ ትልልቅ ገንዳዎች ተደርድረው፣ ለብ ያለ የሳሙና ውሃ ተሞልቶባቸው፣ እያንዳንዱ ሰው ነሐሱን እንደ ሕፃን ያጥባል። እሷ ሦስቱን ቫልቮች፣ ለአየሩ መንገድ የሚከፍቱትን የጣት መጫኛዎች፣ አውጥታ ፎጣ ላይ ደርድራለች። ሽማግሌው ማውዝፒሳቸውን በጨርቅ ይወለውላሉ፤ ረጅሙ የትሮምቦኑን ተንሸራታች ክንድ በውሃ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይገፋል።

«ትሮምቦን ደግሞ ዕቃ ነው?» አሉ ሽማግሌው። «እጅህን እየሰደድክ የፊተኛውን ማጅራት ትወጋለህ።»

«የእርስዎ ይሻላል፣ ጋሽ ላጲስ! ዝናብ ሲመጣ ባንዱ በሙሉ ከነመሪው ይጠለልበታል።» ረጅሙ ስሙን ያወጣላቸው በመጀመሪያው ቀን ነው፤ እሳቸውም ወደውታል።

«ሳቅ አንተ። ይቺን ማውዝፒስ ታያታለህ? አርባ ዓመት ሙሉ ከሚስቴ የበለጠ የሳምኩት እሷን ነው።»

«ባለቤትዎ ይህን ሰምተዋል?»

«እሷ አይደለች የነገረችኝ!»

ጭምትም ሳቀች። ሽማግሌው ሳቋን ሲያዩ ደስ አላቸውና ወሬያቸውን ቀጠሉ። «የባሰ አይታጣም መቼም። የእናንተው ልጅ፣ ወደ እኛ የመጣው፣ ወረቀቴ እስኪያልቅ ሁለት ወር ጎኔ ተቀምጧል። ጨዋ ልጅ ነው። ግን አንድ ዓመል አለው። ያው መሸኛ ማርሽ የለም? ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ፣ እኔ ገና ሳልስብ፣ ድምፁ ሆ ብሎ ይነሳል! ያለ ምክንያት። የእኛ መሪ ቁጡ ነው፣ ‹ማንን ነው የምትሸፍነው?› እያለ ይጮህበታል። ልጁ ይቅርታ ይጠይቃል። በማግስቱ እዚያው ቦታ ላይ፣ ሆ! እኛማ እንደ ባለ ዛር ቆጥረን፣ ‹መጡለት፣ መጡለት› እያልን ስንስቅበት ከረምን።»

«ማን ነው የመጣለት?» አለ ረጅሙ።

«እኔ ምን አውቄ! ሳንባ እብድ ነው፣ ያመነውን አይተውም።»

ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ቫልቮቹን ትመልሳለች። አንዱን፣ ሌላውን፣ ሦስተኛውን። ክዳናቸውን አጠበቀች፣ ቱባውን አቀፈችና ለሙከራ ነፋች። ምንም አልወጣም። ደግማ ነፋች። ጉንጯ ተነፋ፣ አይኗ እንባ አቀረረ፣ አየሩ ግን ግድግዳ ገጥሞት ወደ ራሷ ተመለሰ።

ሽማግሌው ጨርቃቸውን አስቀምጠው ጠጋ አሉ። የሁለተኛውን ቫልቭ ክዳን ፈቱ፣ ሳብ አድርገው አዩት። በብረቱ ላይ የተቀረጸው ቁጥር «3» ነው። ቫልቮች ቤት ከተለዋወጡ አየር መንገድ ያጣል፤ ይህን የማያውቅ ጀማሪ ብቻ ነው፣ እሷ ደግሞ ጀማሪ አይደለችም። ሽማግሌው ቫልቩን ይዘው እንደቆሙ አንዴ ቁጥሩን፣ አንዴ ፊቷን አዩ።

«አንቺ ልጅ» አሉ ቀስ ብለው። «ልጁ ሦስተኛው መስመር ላይ ሲሸፍን የኖረው አንቺን ነው።»

ቫልቩን ከእጃቸው ተቀብላ ቁጥሩን በጣቷ ዳሰሰች። ረጅሙ የታጠበውን ትሮምቦን እንደገና ማጠብ ጀመረ።

«እኔ ደግሞ በላጲስ...» አሉ ሽማግሌው፤ ጨርቁን አንስተው መነጽራቸውን ወለወሉ፣ ንጹሕ ነበር። ከዚያ ከደረት ኪሳቸው እርሳስ አወጡ። «ይሁን። የልጁን ቦታ ልውሰድልሽ። እኔ ሁለተኛው መስመር ላይ እስባለሁ፣ አንቺ እንደለመድሽው ሸፍኚኝ። ሦስተኛው ላይ እኔ እሸፍንሻለሁ። ለእኔ ዕድሜ ትንሽ ቀደም ይላል፣ ግን ይለመዳል።»

እሺ ብትል ወንበሯም ምልክቱም ይተርፉላታል። ምንም አይቀየርም ነበር። ሁለተኛው መስመር ላይ ግን የእሱ ትከሻ አይነሳም፤ የሚነሳው የእኚህ ደግ ሰው ትከሻ ነው፣ ያለ ጊዜያቸው አየር ፍለጋ። ይህን ሁሉ ጊዜ በዚያ ቦታ ስትሸፍን የኖረችው ባዶ ወንበር መሆኑን አሰበች። በሌላ ከተማ ደግሞ አንድ ሰው እየተሰደበ እሷን ይሸፍናል።

«አይሆንም፣ ጋሼ» አለች። «እርስዎ በለመዱት ይሳቡ። እኔ እቀይራለሁ።»

«እንቢ ካለሽስ? ሳንባሽ ማለቴ ነው።»

«እስከ ነገ አሠለጥነዋለሁ።»

እርሳሱን ተቀበለቻቸው። ገብታ ኖታው ላይ ሁለተኛው መስመር ማብቂያ ጋ ነጥብ አደረገች፤ ሦስተኛው ላይ ለእሳቸው ምን ምልክት እንደሚፈልጉ በመስኮት ጮክ ብላ ጠየቀቻቸው። «ላጲስ ሣዪልኝ!» አሉ፤ አራት ማዕዘን ሣለችላቸው። ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ብቻ ቀርተው አሥራ አንድ ጊዜ ነፉት። ሰባተኛው ላይ ተበሳ። ከዚያ በኋላ አልተበሳም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ በመምህራንና በድሮ ተማሪዎቻቸው ተሞላ። ማርሹ ተጀመረ። ሁለተኛው መስመር መጀመሪያ ላይ ደረቷ ሊነሳ ሲል ያዘችው፤ ድምፁን ቀጥ አድርጋ አሳለፈችው። አልሸፈነችም። እንግዳ ከሄደ በኋላ ወንበሩን ወደ ግድግዳ እንደመመለስ ነበር። ማብቂያው ላይ ሳበች፤ ሽማግሌው ከጎኗ ጠንከር አድርገው ነፉላት። ሦስተኛው ላይ የእሳቸው ትከሻ ከፍ አለች፣ እሷ ሸፈነቻቸው። ድምፁ እስከ መጨረሻው አልተቋረጠም። መሪው ወደ ባሶቹ አልዞረም፤ ባሶች ከመሪ የሚያገኙት ትልቁ ምስጋና ይህ ነው።

እሑድ ከምሳ በኋላ እናቷ ሲተኙ ደረጃው ላይ ወጥታ ተቀመጠችና የልጁን ቁጥር ደወለች። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር አሁንም አላገኘችውም። ሦስት ጊዜ ጠርቶ ተነሳ። በዚያኛው ጫፍ አየር ሲሳብ ሰማች፤ እሷም በዚያው ቅጽበት እየሳበች ነበር። ከዚያ እሷ ቀድማ ተናገረች።