ቁልፍ ኮከብ አይሆንም

የሰማይ ትርኢት አዳራሹ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ በቅጽል ስሙ ሰማይ ጠቀስ፣ ያን ጠዋት የጮኸው ጩኸት ጨረቃ ደርሶ ተመልሷል። ጨረቃ ላይ አየር የለም የሚሉ ይበሉ።

«ኮከቤን ማን ነቀላት?»

ሰባት ዓመት የለፋበት (ሚስቱ ሰባት ወር ነው ትላለች) የጥንድ ኮከብ ሞዴል ጠረጴዛው ላይ ነው። ሰፊ ጥቁር ትሪ፤ ዳር ዳሩን እንደ ቀለበት የተነሰነሰ አቧራ፤ ጎኑ «አቧራው አይጠረግ!» የሚል ማስታወቂያ። መሀሉ ላይ ቀስ ብሎ የሚዞር የሽቦ ክንድ አለ። በአጭሩ ጫፍ ትልቅ አምፖል፣ በረጅሙ ጫፍ ትንሽ አምፖል ነበር። አሁን ግን በረጅሙ ጫፍ የተንጠለጠለው የቁልፍ ዘለላ ነው።

ሥራ አስኪያጁ፣ የሚስቱ ታናሽ ወንድም፣ እጁን ኪሱ ከቶ መጣ።

«ጋሼ፣ ምን ሆነሃል? የጠረጴዛ መብራቴ ተቃጥሎ ነው የወሰድኳት። እንዳያጋድል ቁልፌን ሰቀልኩልህ፤ ይኸው ይዞራል።»

«ይዞራል! ቁልፍ ያሞቃል?»

«ትልቁ አለልህ አይደል? ይቺ ጭራሮ ምን ታመጣለች?»

የሰማይ ጠቀስ ደም ፈላ። ምን ታመጣለች! ሁለት ኮከቦች ሲዞሩ ከባዱ መሀል ይንቀረፈፋል፤ ርቃ የምትዞረው፣ ለአቧራው የምትቀርበው ቀላሏ ናት። ባለፈች ቁጥር ያ ወገን ይሞቃል፣ ስትርቅ ይበርዳል። አቧራው ውስጥ የተተከለው ሙቀት መለኪያ የሚያሳየው ይህንኑ ነው።

«በአራት ሰዓት ገምጋሚዋ ይመጣሉ። የመለኪያው መርፌ ካልተነቃነቀ ትሪዬ መጋዘን ገባ፣ በቦታው የለስላሳ ማቀዝቀዣ ይቆማል። አንተው ፈርመህበታል!»

አማቹ ሳቀ። «ድሮም የኔና ያንተ ኮከብ አይገጥምም።»

«አንዱን ነቅለህ ወስደህ በምን ይግጠም?»

«ከሰዓት እመልሳታለሁ።»

ሰማይ ጠቀስ ቁልፉን ከክንዱ አውርዶ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገሰገሰ፤ አማቹ «ጋሼ! ኧረ ጋሼ!» እያለ ከኋላው። መስኮት የሌለውን ክፍል ከፈተው። ኮከቢቱ በርታ፣ ሰው የሌለበትን ወንበርና የተከመረ ወረቀት ታሞቃለች!

«ወረቀት! ለወረቀት!» በመሐረብ ይዞ ነቀላት። እጁን ለበለበችው፤ እንኳን እጁን፣ አንጀቱንም አቃጥላዋለች።

በአራት ሰዓት ገምጋሚዋ መጡ፤ መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለ አጭር ሴት። ክንዱ ዞረ። ትንሿ አምፖል ስትቀርብ መርፌው ወጣ፣ ስትርቅ ወረደ። ሴትየዋ መነጽራቸውን አድርገው አዩ። ከዚያ ማስታወሻቸውን አንስተው ትንሿ በምትመጣበት በኩል ሙቀት መለኪያውን ጋረዱት። መርፌው አንቀላፋ። ማስታወሻውን አነሱ፤ በሚቀጥለው ዙር ተነሣ።

«ጉድ! ትንሿ ናት እንዴ የምትሠራው?»

«ትንሿ ናት እንጂ እመቤቴ! አንድ እንጨት ብቻውን አይነድም ሲባል አልሰሙም?» አለ አማቹን በዓይኑ እየወጋ። «እዚህ ቤት ያልሰማ አለ።»

ገምጋሚዋ «እዚሁ ይቆይ፤ ማቀዝቀዣው ሌላ ቦታ ይፈለግለት» ብለው ጻፉ።

ሲሄዱ ሥራ አስኪያጁ ተጠጋ። «ጋሼ፣ እሺ ይሁን። ቁልፌንስ?»

«ለምን ብለህ?»

«ቢሮዬን ልቆልፍ ነዋ።»

«ግባና ተቀመጥ እባክህ» አለ ሰማይ ጠቀስ፣ ዓይኑን ከመርፌው ሳይነቅል። «ጨለማህን የሚሰርቅ የለም።»