ያልበላው ስኳር

ክሬን ነጂው ጣቱን ወግቶ የደም ጠብታውን በስኳር መለኪያዋ ወረቀት ጫፍ አስነካ። ቁጥሩን ጠበቀ። መቶ ሰማንያ አንድ! እራት ሳይበላ፣ ሆዱ ከጀርባው ተጣብቆ ያደረ ሰው ይህን ሁሉ ስኳር ከየት ያመጣል? መለኪያዋን ከግድግዳ ጋር ሊያላትማት ቃጣው።

ሚስቱ መለኪያዋን ከእጁ ወሰደችና የራሷን ጣት ወጋች። ዘዴው የሷ ነበር፤ ሁለቱም ጦማቸውን አድረው ጠዋት ሊለኩ ተስማምተው ነው የተኙት። የሷ ሰማንያ ስድስት ሆነ። «እኔም አልበላሁም» አለች ቀስ ብላ። ቆሽቱን የሚያሳርረው እንዲህ በጎን መጠርጠሯ ነው። አንገቷ ላይ የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ተንጠልጥሏል፤ ብስኩቱና ማርማላታው እሱ እንዳይነካቸው ከታሰሩ ወር አልፏቸዋል።

ሰውየው ሃያ ሁለት ዓመት በብረታ ብረት ፋብሪካው ጣሪያ ሥር፣ ከሰው ሁሉ በላይ ተቀምጦ ሠርቷል። ጓደኞቹ «አሞራው» ይሉታል። ስኳር ሲገኝበት ግን የፋብሪካው ክሊኒክ መሬት አወረደው። በባዶ ሆድ የሚለካው ስኳሩ ሦስት ሰኞ በተከታታይ ከመቶ ሠላሳ በታች ካልሆነ ወደ ክሬኑ መመለስ የለም ተባለ። አሁን ዕቃ ግምጃ ቤት ተቀምጦ ብሎን ይለያል፤ ትልቁን ከትልቅ፣ ትንሹን ከትንሽ። ተተኪው ጭነት ባወዛወዘ ቁጥር እሱ ከታች ሆኖ ጥርሱን ያፋጫል።

ይባስ ብሎ የክሊኒኩ ነርስ ካርዱ ላይ «በድብቅ ይበላል» ብላ ጽፋበታለች። በዓይኑ በብረቱ አንብቦታል። ከዚያን ቀን ወዲህ ከሷ ጋር ሰላምታ የለም። ምን አይታ ጻፈች? እጅ ከፍንጅ ይዛዋለች? እራት የተወውም እሷን ለማሳፈር ነበር። እሱ እራት በተወ ቁጥር ቁጥሩ ያሻቅባል፤ ቁጥሩ ባሻቀበ ቁጥር እሱን እልህ ይይዘዋል።

በዚያው ሳምንት ባልና ሚስት ተያይዘው ሆስፒታል ሄዱ። ሐኪሟ ቁጥሮቹ የተጻፉበትን ደብተር አገላብጣ አየችና የማታውን ኪኒን እንዴት እንደሚወስድ ጠየቀችው። ከእራት ጋር እንደሆነ ነገራት። እራት በማይበላበት ቀንስ?

«ከምግብ ጋር ይላል እኮ። ምግብ ከሌለ በምን ልውሰደው?» አለ፣ ደንብ አክባሪነቱን እንድታደንቅለት እየጠበቀ።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሰው ሲበላ ቆሽት ኢንሱሊን የሚባል ሆርሞን እንደሚለቅ አስረዳችው፤ ኢንሱሊን ስኳሩን ከደም ወደ ሰውነት ያስገባል፣ ጉበትም ድርሻውን ያከማቻል። ሆድ ባዶ ሲሆን ደግሞ ያው ቆሽት ግሉካጎን የሚባለውን ሆርሞን ልኮ ጉበትን ያከማቸኸውን አውጣ ይለዋል፤ አንጎል ያለ ስኳር እንዳያድር ነው።

«ታዲያ የኔ ጉበት ለምን አላወጣም?» አለች ሚስት።

አውጥቷል፣ አለች ሐኪሟ። ግን የእርስዎ ኢንሱሊን በቃ ሲለው ይሰማል። የሳቸው ኢንሱሊን አቅም አንሶታል፤ ጉበቱ ዝም ብሎ ሲያወጣ ያድራል። ሊነጋ ሲልም ሰውነትን የሚቀሰቅሱ ሌሎች ሆርሞኖች ይጨመሩበታል። ኪኒኑ ጉበቱን የሚያስታግስ ነበር፤ እሳቸው ግን እራታቸውን በተዉ ቁጥር እሱንም ተዉት።

ሰውየው ከዚህ ሁሉ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ስለዚህ ሳልበላም ስኳሬ ይወጣል?»

«ይወጣል። አምንዎታለሁ።»

ወራት ሙሉ ይህን ቃል ከአንድ ሰው አፍ ሲጠብቅ ኖሯል። ወዲያው ደግሞ ያ ሁሉ ረሃብ በከንቱ መሆኑ ትዝ ሲለው ደሙ ፈላ፤ መንገዱን ሙሉ ነርሷን ሲረግም ቤት ደረሰ። ሚስቱ ከጎኑ አንገቷን ደፍታ ሄደች።

እስከ ሰኞ ድረስ መጠነኛ እራት በሰዓቱ በላ፣ ኪኒኑንም ዋጠ። ሰኞ ጠዋት መለኪያዋ መቶ አርባ ሁለት አለች። ወርዷል፣ ግን ደንቡ ደንብ ነው፤ ዛሬም ብሎን ነው። ሳይበላም ስኳሩ እንደሚወጣ የሚመሰክረውን የሐኪሟን ደብዳቤ ይዞ እየተብከነከነ ወደ ክሊኒኩ ገሰገሰ። ሚስቱም ተከተለችው፤ የፋብሪካውን በር ረግጣ የማታውቅ ሴት።

«ምን አይተሽ ነው በድብቅ ይበላል ብለሽ የጻፍሽው?» አለ ነርሷን፣ ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ እየጣለ።

ነርሷ ከትከሻው በላይ ሚስቱን አየቻት።

«እኔ ነኝ በስልክ የነገርኳት» አለች ሚስቱ። «ከሳጥኑ እየሰረቀ ይበላል ብዬ ነው። አልሰረቀም። እባክሽ ልጄ፣ ሰርዢልኝ።»

ነርሷ ሰረዘች። ሚስቱ ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለትና ዓይኑን ሳታይ ወጣች። ለነርሷ ስንት ወር ሲያሰናዳው የከረመውን ስድብ ትቶ ቁልፉን ጨብጦ ወጣ።

ግምጃ ቤቱ ገብቶ ብሎኖቹ ፊት ተቀመጠ። ከላይ ክሬኑ ጭነቱን እያወዛወዘ ያልፋል። ትልቁን ከትልቅ፣ ትንሹን ከትንሽ ሲለይ ቆየና እጁ ላይ ቁልፉ ቀረ። የትኛው የብሎን ሳጥን ውስጥ እንደሚጥለው ግራ ገባው።