አስር ሰከንድ ያለ እንቅስቃሴ

ሲጢጥ አለ በሩ። ማን እንደገባ ገና ሳይታይ፣ ለተማሪዎች መለማመጃ አልጋው ላይ የተጋደሙት ጋሽ ወልደንኪኤል ከትራሱ ቀና አሉ፤ የልብ ምት መመርመሪያው ማሽንም የሚያትመውን መስመር አመሳቀለው።

"ጋሽዬ! አይንቀሳቀሱ አላልኩም?" አለ ኪሩቤል ወረቀቱን እየቀደደ።

"ምን ላድርግ ልጄ? ሠላሳ ዓመት ፖርቲናዮ ሆኜ በር ስጠብቅ፣ በር ሲከፈት ተኝቼ አላውቅም።"

አዲስ አበባ ተወልዳ ሮም ያደገችው መምህርት፣ ሲኞራ ፌዴሪካ፣ ከጠረጴዛዋ ሆና ሳቀች፤ ወዲያው ግን ሰዓቷን አየች። "ኪሩቤል፣ ይሄ አራተኛ ሙከራህ ነው። ልክ ስድስት ሰዓት መዝገቡን እዘጋለሁ። ፊርማዬ የሌለበት ነገ አይፈተንም።"

ነገ ያልተፈተነ ስድስት ወር ይጠብቃል። ረዳት አድርጎ ሊቀጥረው ቃል የገባለት ክሊኒክ ደግሞ ስድስት ወር አይጠብቅም።

ሽቦዎቹን እንደገና ፈተሸ። ቀዩ ቀኝ እጅ፣ ቢጫው ግራ እጅ፣ አረንጓዴው ግራ እግር፣ ጥቁሩ ቀኝ እግር። ደረታቸው ላይ የተለጠፉት ስድስቱም ቦታቸውን አልለቀቁም። የጎደለው የሰውየው ፀጥታ ብቻ ነበር፤ አስር ሰከንድ።

"ዓይንዎን ይጨፍኑ። ካዛንቺስ እንሂድ።"

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። ሁለቱም የአንድ መንደር ልጆች ናቸው፤ እሳቸው በጎልማሳነታቸው፣ እሱ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረሰ ወደ ሮም የወጡ። ኪሩቤል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጀመረ። ዝናብ ያባራበት ከሰዓት፣ ጭቃው ላይ የተጣሉት መርገጫ ድንጋዮች፣ የወፍጮ ቤቱ ዱቄት ያነጣው የበር መቃን፣ ከአናጢው ቤት የሚወጣው የጥድ ሽታ፣ ኳስ ግቢዋ በገባ ቁጥር ሰባት ቤት የምትራገም ሴትዮ። ሲያወራ ራሱም እዚያው ነበር። የሮማው ሰፈር የኤስኲሊኖ ትራም ከመስኮቱ ሥር ሲያልፍ አልሰማውም።

"ፈረሰ ይላሉ" አሉ ጋሽ ወልደንኪኤል ዓይናቸውን ሳይገልጡ። "ወንድሜ ግን የእኛን መንደር አልነኩም ብሎኛል። አለ አይደል?"

የኪሩቤል ጣት የማሽኑ ቁልፍ ላይ ነበር። ጓደኛው የፈረሰውን መንደር ቪዲዮ የላከለት አምና ነው። ከዚያ ሁሉ ፍርስራሽ የለየው የወፍጮ ቤቱን አንድ ግድግዳ ብቻ ነበር።

"አለ" አለ።

የሽማግሌው ትከሻ ረገበ። ቁልፉን ተጫነው። ጥርት ያለ፣ አንዱ ከአንዱ የማያንስ የማይበልጥ ምት ወረቀቱን ሞልቶ ወጣ።

"ብራቮ!" አለች ፌዴሪካ። "ቀድማህ ከጨረሰችው ከዴቦራ ቀጥሎ እፈርምልሃለሁ።"

ጋሽ ወልደንኪኤል ሸሚዛቸውን ሲቆልፉ ፊታቸው በርቶ ነበር። "አሎራ፣ እንግዲህ ሐሳቤን ቆረጥኩ። ጡረታ ስወጣ የሕንፃው አስተዳዳሪ 'የዘበኛውን ክፍል ተከራይተህ ቆይ፣ ካልሆነ አስረክብ' ብሎ እስከ ዛሬ ቀን ሰጥቶኝ ነበር። አሁኑኑ ሄጄ አስረክባለሁ። የሰው በር ስከፍት ኖሬ የለ? እስቲ ደግሞ ካዛንቺስ ገብቼ የራሴን ልክፈት።"

"ጋሽዬ…"

"ነገ ይቅናህ ልጄ።" ግንባሩን ስመውት ወጡ።

ኪሩቤል ወረቀቱን ይዞ ከዴቦራ ጀርባ ቆመ። ፌዴሪካ የዴቦራን መስመሮች በማስመሪያ እየለካች ነው፤ ለስድስት ሰዓት አምስት ደቂቃ ይቀራል። በመስኮቱ ቁልቁል አየ። ሽማግሌው ፌርማታው ላይ ቆመዋል። ስልክ የሚባል ነገር ኪሳቸው ገብቶ አያውቅም። ትራሙ ጥጉን ታጥፎ ብቅ አለ።

"ቀጣይ! ኪሩቤል፣ አምጣው!" አለች ፌዴሪካ እጇን ዘርግታ።

ወረቀቱን ወንበሩ ላይ አስቀመጠ።

"ወዴት ነው? ተራህ እኮ ነው!"

ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወደ ፌርማታው ወረደ።