በአሸዋ የቆመው ቦርሳ

በአባቴ ሱቅ የሚሰፋ ሰው ይቀመጣል፣ የሚቆርጥ ሰው ይቆማል። ሕጋችን ይኸው ነው። ሌላ ሕግ የለንም ማለት ይቻላል፤ በሩ የሚከፈትበት ሰዓት እንኳ እንደ አባቴ ጉልበት ሕመም ይለያያል። እኔ አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ሃያ ስምንቱን ያሳለፍኩት እዚያችው የስፌት መኪና ፊት ተቀምጬ ነው። መቀሱን ስዬዋለሁ፣ በዘይት ወልውዬዋለሁ፣ ሲወድቅ አንስቼ አቀብያለሁ። ሸራ ግን ቆርጬበት አላውቅም።

አባቴ ሰባ አራት ሞልቶታል። በእሱ እምነት ቦርሳ የሚሠራው ሲቆረጥ ነው፤ ስፌት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ማጣበቅ ነው። «መስፋትማ ማንም ይሰፋል» ይላል፣ እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ እየሰፋሁለት። ስህተት አይቶ ማለፍ ደግሞ አልተፈጠረበትም። ክሬ ከመስመሩ በጥቂቱ ከወጣ ከጠረጴዛው ማዶ ሆኖ «ፍቺው» ይለኛል። ጋዜጣ ማንበብ ከተወ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ የኔን ስህተት ለማየት ግን መነጽር አላስፈለገውም።

መቀሱን እፈልገው ነበር። ሁለት ጊዜ ጠይቄዋለሁ። በመጀመሪያው «ገና ነሽ» አለኝ፤ ያኔ ሠላሳ ዓመቴ ነበር። በሁለተኛው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ከዚያ ወዲህ አልጠየቅሁም፤ ነገር ግን እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ጀምሮ በየቀኑ መቀሱን አያለሁ። ይህን ስናገር አፍራለሁ፤ እውነቱ ግን እሱ ነው።

አንድ ሰኞ ጠዋት የጎልፍ ሜዳው የዕቃ ክፍል ኃላፊ አሮጌ ቦርሳ በብብቱ ይዞ ገባ። ረጅም፣ ቱቦ መሰል፣ አፉ የተቀደደ ቦርሳ ነበር።

«ጋሼ» አለው አባቴን፣ «ይሄ ብቻውን አይቆምም። በየደረሱበት መሬት ላይ ይጋደማል፣ ሣሩ ላይ ይረጥባል። ተሸካሚዎቼ ጎንበስ ቀና ሲሉ ወገባቸው አለቀ። የራሱ እግር ያለው ቦርሳ እፈልጋለሁ። መሬት ሲነካ እግሩ ይዘርጋ፣ ሲነሳ ይጠፍ። ኪሱም ወግ ይኑረው፤ አንድ ኳስ ለማውጣት ቦርሳው በሙሉ መገልበጥ የለበትም። ተሠርቶ የሚመጣውን ሞክሬዋለሁ፣ ዓመት አይቆይልኝም።»

አንድ ናሙና ለዓርብ እንዲደርስለት ጠየቀ። ናሙናው ከቆመ አርባ ቦርሳ እንደሚያዝ ነገረን። አባቴ ከመስማማቱ በፊት ቦርሳውን ገልብጦ አየው፣ አሸተተው፣ በጥፍሩ ጫረው፤ ከዚያ በኋላ «እንሠራዋለን» አለ።

ኃላፊው ያመጣው ባዶውን ነበር፣ እኛም ባዶውን ለካን። በሱቃችን ውስጥ የጎልፍ ዱላ ነክቶ የሚያውቅ ሰው የለም። ዱላው ምን ይመስላል፣ የቱ ጫፉ ይከብዳል ብሎ የጠየቀም አልነበረም።

አባቴ ለእግሩ የሚሆን የአሉሚኒየም ዘንግ ከተቀደደ ድንኳን ላይ ፈታ። ዘንጎቹን ከቦርሳው ወገብ ላይ በማጠፊያ አሠራቸው፤ ከታች ደግሞ ቦርሳው ዘንበል ሲል እግሮቹን ወደ ውጭ የሚገፋ ሽቦ ከነሞላው ዘረጋ። ኪሶቹን ሁሉ በአንድ ጎን በተርታ ደረደራቸው። እኔ የቆረጠውን ሰፋሁ። ለውሃው የሚሆነው ኪስ ወደ አፉ ቀረብ ቢል ይሻላል ባልኩት ጊዜ «አንቺ ዚፑን ስፊ» አለኝ። ዚፑን ሰፋሁ።

ሐሙስ ዕለት ፈተናው ደረሰ። ከኛ ሱቅ የሚወጣ ቦርሳ ሁሉ በአሸዋ ይፈተናል። የተማሪም ይሁን የመንገደኛ፣ እስከ አፉ አሸዋ ሞልተን እናሳድረዋለን፤ ስፌቱ ካልተከፈተ ያልፋል። አባቴ ይህን ከአባቱ ነው የወረሰው፣ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም። የጎልፉንም ሞላነው። እግሩን ዘርግቶ ሲቆም ምሰሶ መሰለ። አባቴ በክርኑ ገፋው፣ አልነቃነቅም አለ። የሱቁ በር በንፋስ ተላትሞ መስኮቱ ሲንቀጠቀጥ እንኳ ንቅንቅ አላለም። አባቴ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሲያፏጭ ዋለ።

ዓርብ ጠዋት ጉልበቱ ስላመመው ቦርሳውን ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። ኃላፊው አንድ ሸበቶ ተሸካሚ ጠራልኝ። ሰውየው ዱላዎቹን አንድ በአንድ እየቆጠረ ከተተ። ብረቱ፣ ከባዱ ራስ፣ ወደ ላይ ነበር። አሥራ አራተኛውን ከቶ እጁን ገና ከማንሳቱ ቦርሳው በእግሮቹ ላይ ተሻግሮ በግንባሩ ተደፋ። ከሥር የዋለው የኳስ ኪስ ተከፈተና ኳሶቹ ቁልቁል ተንከባለሉ።

ተሸካሚው አልሳቀብኝም። ኳሶቹን ለቅሞ ሲመለስ፣ «እህቴ፣ ይሄ ቦርሳ ሆዱ ሞልቶ ነው የተለማመደው» አለኝ። «የኛ ሸክም ግን ራሱ ላይ ነው።»

ኃላፊው እስከ ረቡዕ ጊዜ ሰጠኝ። ወዲያው ወደ ሱቅ መመለስ ነበረብኝ። አልተመለስኩም፤ ቀኑን ሙሉ ተሸካሚውን ተከትዬ ሜዳውን ዞርኩ። ምን ያህል ጊዜ እንደሚያስቀምጥ፣ በየትኛው እጁ ፎጣ እንደሚስብ፣ ውሃውን ለማውጣት ምን ያህል እንደሚጎነበስ አየሁ። ከመቀነቴ ክር መዝዤ የዱላውን ቁመት ለካሁ፣ ማጠፊያው ሊሆን የሚገባውን ቦታ በቋጠሮ ምልክት አደረግሁ። ማጠፊያው ከወገቡ ተነስቶ ከአንገቱ ሥር መግባት ነበረበት። እግሩም መርዘም፣ በሰፊው መከፈት ነበረበት። የኳሱ ኪስ ከታች ግን ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ፣ የውሃው ከአፉ አጠገብ። የቦርሳው አፍ ዱላ ከዱላ እንዳይጋጭ በአራት ይከፈላል። ሁሉም ታየኝ። ደስ ያለኝን ደስታ መናገር አልችልም።

ቦርሳውን ይዤ ሱቅ ስገባ አባቴ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ «ቆመ?» አለኝ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ «ቆመ» አልኩት። «ረቡዕ ደግመው ያዩታል።»

ለሰው ሳወራው እንዳይከፋው ብዬ ነው እላለሁ። አይደለም። ወደቀ ብለው እሱ ራሱ ተነስቶ ይቆርጠዋል፤ እኔ ተቀምጬ እሰፋለሁ። ያየሁትን ሁሉ በቃል አስረድቼው «አንቺ ዚፑን ስፊ» መባል አልፈለግሁም።

እሑድ ጠዋት አባቴ እህቱን ልጠይቅ ብሎ ወጣ። ወዲያው የሱቁን በር ከውስጥ ቆለፍኩና ጠረጴዛው ፊት ቆምኩ። ከተቀመጡበት ሲያዩትና ቆመው ሲያዩት ጠረጴዛ አንድ አይደለም፤ ይሄኛው ሰፊ ነበር። በክሩ ልክ የመቁረጫ ካርቶን አወጣሁ፣ በጠመኔ ሸራው ላይ አሰመርኩ፣ ቆረጥኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። አሸዋውን ተውኩት፤ ጎረቤታችን መካኒክ ጋ ሄጄ አሥራ አራት የብሎን መፍቻ ተዋስኩና በመጥረጊያ እንጨቶች ጫፍ ላይ አሰርኳቸው። መካኒኩ ምን ልትሠሪ ነው ብሎ አልጠየቀኝም፤ ያ ሰው የማይጠይቀው ነገር የለም፣ ሊገርመኝ ይገባ ነበር። ሰፍቼ ስጨርስ አሥራ አራቱን መፍቻ ጭኜ ገፋሁት። ዘንበል አለና ተመልሶ ቆመ። የአባቴን ቦርሳ ከሸራ ጥቅሎቹ ኋላ ደበቅሁት።

ረቡዕ ዕለት የኔው ቦርሳ ተዳፋት ላይ፣ ንፋስ ላይ፣ ረጠብ ባለ ሣር ላይ ቆመ። ተሸካሚው ሲያስቀምጠው ጎንበስ አላለም፤ እየሄደ ሸርተት አድርጎ ይተወዋል፣ እግሩ ራሱ ይዘረጋል። ኃላፊው በዚያው ከሰዓት በኋላ ቦርሳውን ተሸክሞ፣ የአርባውን ማዘዣ ይዞ ሱቃችን መጣ።

«ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ» አለ። «እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።»

አባቴ ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ በአውራ ጣቱ ዳር ዳሩን ዳበሰው። «ይሄ የኔ አይደለም» እስኪል ጠበቅሁ። እሱ ግን ጉሮሮውን ጠረገና ማስረዳት ጀመረ። እግር ዝቅ ብሎ ከተተከለ ራሱ የከበደ ነገር ይደፋል አለ። የኳስ ኪስ ፊቱን ወደ ላይ ካላደረገ ያፈስሳል አለ። ውሃ ደግሞ እጅ በሚደርስበት ነው የሚቀመጠው አለ። ኃላፊው አፉን ከፍቶ ያዳምጣል። እኔ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ የገዛ ሐሳቤን ከአባቴ አፍ ሰማሁ። ተናደድኩ፤ እሳት ለብሼ እሳት ጎረስኩ ብል ማጋነን አይሆንም። ነገር ግን ምን ልበል? የዋሸሁት እኔ ነኝ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የኔ እያደር ከበደኝ።

ሐሙስ ጠዋት አባቴ ከኔ ቀድሞ ሱቅ ገባ። ለአርባው የሚሆነውን ሸራ በድርብርቡ ዘርግቶ ጠበቀኝ። ከላዩ የገዛ ራሱን ካርቶን አኑሯል፣ ማጠፊያው ወገቡ ላይ የሆነውን፣ የሚወድቀውን። በጠመኔ ዙሪያውን አሰመረ። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ መስመሩን ሁለት ጊዜ አደሰው። ትናንት ያን ሁሉ ያወራው በአፉ ብቻ ነው፣ ዓይኑ ልዩነቱን አላየም አልኩ በሆዴ። አሁን ካልተናገርኩ አርባ የሚደፋ ቦርሳ ሊቆረጥ ነው፤ ከተናገርኩ ደግሞ ከኋላው የሠራሁት ሁሉ ሊወጣ ነው። መቀሱን አነሳ፣ ከፈተው፣ የሸራውን ጫፍ ጥርሱ ውስጥ አስገባው።

«አባዬ፣ ያ ይወድቃል» አልኩት።

መቀሱን አልዘጋውም፣ አልገፋውምም። «አውቃለሁ» አለኝ።

«ምኑን ነው የምታውቀው?»

«ሜዳው ላይ ነበርኩ እሑድ። እህቴ ጋ መች ሄድኩ? ዓርብ ዕለት ቆመ ብለሽ ዝም አልሽ። አንቺ ስለ አንድ ቁልፍ እንኳ ግማሽ ቀን የምታወሪ ሰው፣ ስለ ሙሉ ቦርሳ አንድ ቃል ብቻ? ሄጄ ሸበቶውን ጠየቅሁት። እንዴት እንደተደፋ ነገረኝ። ቀኑን ሙሉ በክር ስትለኪ እንደዋልሽም ነገረኝ።» መቀሱን ከሸራው አወጣው። «ስመለስ በሩ ከውስጥ ተቆልፏል። መካኒኩ ጋ ቁጭ አልኩ። መፍቻ ልትወስጂ ስትመጪ ከመኪናው ኋላ ነበርኩ።»

«ትናንትስ?» አልኩት። «ያን ሁሉ ለኃላፊው...»

«ዓይቼው ነዋ የተናገርኩት። በጣቴ አይቼው። አንድም ስህተት አላገኘሁበትም።» ይህን ሲል አላየኝም። «መቁረጥሽን አልጠራጠርም። እኔ የጠበቅሁት ሌላ ነው። መጀመሪያ ዓርብ ትነግሪኛለሽ ብዬ ጠበቅሁ። ቀጥሎ ሰኞ። ትናንት የሰው ሥራ የኔ ነው ስል ከወንበርሽ ትነሻለሽ ብዬ ነበር። ስድስት ቀን፣ ልጄ። አርባውን ብቆርጠው ኖሮ ዝም ልትይ ነበር?»

«አልልም ነበር» አልኩት።

«አሁን ነው ያወቅሁት» አለ። «ወደቀ ብትይኝ ኖሮ እኔስ ምን አደርግ ነበር መሰለሽ?»

«ራስህ ትቆርጠው ነበር።»

«እቆርጠው ነበር» አለ፤ «እሱም እውነት ነው።»

ካርቶኑን ከሸራው ላይ አንስቶ ለሁለት አጠፈው። ከዚያ ጠረጴዛውን እየተደገፈ ዞረና እኔ በምቀመጥበት ወንበር ላይ፣ ከስፌት መኪናው ፊት ተቀመጠ። መቀሱ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ያዢው አላለኝም።

የኔን ካርቶን አምጥቼ ዘረጋሁ፣ አሰመርኩ፣ መቀሱን አስገባሁ። እሑድ ያልተንቀጠቀጠ እጅ ያን ጠዋት ተንቀጠቀጠ። ማጠፊያው በሚገባበት ቦታ ላይ መቀሱ አመለጠኝና ከመስመሩ አንድ ጣት ያህል ወደ ውስጥ ገባ። በድርብርብ ሸራ ላይ ያ ቀላል ስህተት አይደለም። ቀና ስል አባቴ እያየ ነበር። አይቶታል፤ ከዚያ ርቀት ከዚያ ያነሰ ስንት ጊዜ አይቶብኛል። «ፍቺው» የሚለውን ቃል ጠበቅሁ።

አባቴ ፊቱን ወደ መኪናው መለሰና መርፌው ላይ ክር ማስገባት ጀመረ። በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ ስህተቴን አይቶ ዝም ሲለኝ የመጀመሪያው ነበር፤ እንባዬ ሸራው ላይ እንዳይወርድ ከጠረጴዛው ራቅ ብዬ ቆምኩ።